ለሁለት መንገደኛ አንድ ወረቀት

ደብዳቤው አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ክንፈ መሳቢያ ውስጥ ከርሟል። መክረሙ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ክንፈ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አድርጎት ኖሮ፣ ፖስታው ላይ ሦስት ቡናማ ክብ ታትሞበታል። ያገኙት አያ አድማሴ ናቸው። ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን ጠዋት ስለ ጠፋችባቸው ላም ሊያመለክቱ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ጎራ ብለው፣ "ይሄ የማን ወረቀት ነው?" ብለው ቢጠይቁ፣ ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል "የመሪጌታ ልጅ ነው" አላቸው። አያ አድማሴ የላማቸውን ነገር ትተው ደብዳቤውን በብብታቸው ሸጉጠው መጡ።

ሸዋረግ ጤፍ እያበጠረች ነበር። ልጇ አበዛሽ ፖስታውን ቀድዳ አነበበችና ፊቷ አመድ መሰለ። ደሴ የጤና ረዳትነት ትምህርት ገብታለች። ስንት ዓመት ሙሉ መካነ ሰላም ድረስ በእግሯ እየተመላለሰች የተማረችለት ነገር ይኸው እጇ ገብቷል።

"ታዲያ ደስ አይልሽም እንዴ?" አለቻት እናቷ።

"ምዝገባው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ይላል።"

"ነገ?"

"ነገ።"

ሸዋረግ ሰፌዱን አስቀመጠች። ቁጡ ናት ይሏታል፤ ያስቆጧትን ሰዎች ግን የሚቆጥርላት የለም። ይህን ደብዳቤ አንድ ሰው ከአሥራ ስምንት ቀን በፊት አንስቶ ቢሰጣት ኖሮ ዛሬ ልጇን አሰናድታ፣ ስንቋን ቋጥራ፣ መርቃ በወግ በሸኘቻት ነበር። ክንፈ ግን ሻይ ይጠጣበታል።

አዳሪው አውቶብስ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው ከመካነ ሰላም የሚነሳው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ሌሊት መንዳት የተከለከለ ስለሆነ አቀስታ ያድራል፣ በነጋታው አራት ሰዓት ገደማ ደሴ ይገባል። ዛሬ ካመለጠ የሚቀጥለው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ያኔ በአበዛሽ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ከመንደራቸው እስከ መካነ ሰላም ደግሞ በደህና እግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል።

"እግዚአብሔር ያውቃል" አሉ ባለቤቷ መሪጌታ ንጉሡ፣ ዳዊታቸውን ወደ ማኅደሩ እየመለሱ።

"እግዚአብሔርማ ያውቃል። የማያውቀው ሹፌሩ ነው። ይነሱ።"

ልጅቷ ብቻዋን አትሄድም፤ ይሄ አላከራከረም። አበዛሽ አንድም ሌሊት ከቤቷ ውጭ አድራ አታውቅም። አቀስታ የሚታደረው ደግሞ ነጋዴው ከወታደሩ፣ ሴቱ ከወንዱ በተደባለቀበት ቤት ነው። ሸዋረግ አብራት ሄዳ፣ አስመዝግባት፣ ትመለሳለች። ችግሩ ይለፍ ወረቀቱ ነው። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ንቅንቅ የለም፣ ይለፍ ደግሞ ያለ ማኅተም ይለፍ አይባልም። ማኅተሙ ያለው ክንፈ አንገት ላይ ነው። ሌላው ሰው ማተቡን እንደሚያስር በጥቁር ክር አስሮ ከሸሚዙ ስር ያንጠለጥለዋል፤ ሲተኛም አይፈታውም ይባላል።

"እርስዎ ልጅቷንና ሣጥኗን ይዘው ወደ ከተማ ይሂዱ" አለች ሸዋረግ። "እኔ ወረቀቱን አስመትቼ እደርስባችኋለሁ። ብዘገይ አውቶብሱን ያቆዩልኝ።"

"አውቶብስ ምን ብዬ ነው የማቆየው?"

"እኔ ምን አውቄ፤ የተማሩት እርስዎ።"

በዚህ መሃል ወሬው መንደሩን አዳርሷል። ደሴ የሚሄድ ሰው ተገኘ ማለት ፖስታ ቤቱ ራሱ ደጅ ድረስ መጣ ማለት ነው። አንዷ ለአክስቷ ሽሮ፣ አንዷ ለእህቷ ልጅ ሁለት ዶሮ ከነነፍሳቸው ይዘው ደረሱ። ሁሉም "እግረ መንገድሽን" ይላሉ፤ እግሯን ግን የሚለቅላት የለም። ሸዋረግ ዶሮዎቹን አየችና "ይለፍ ወረቀት አላቸው?" ብላ መለሰቻቸው። ጎረቤቷ እታገኘሁ ለወንድሟ ያመጣችውን አንድ ቅል ቅቤ ብቻ ተቀበለች፤ ወንድምየው ታሞ መተኛቱን ታውቃለችና እምቢ ለማለት አንጀቷ አልጨከነም። ቅሉን ለአበዛሽ አስይዛ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ወደ ማኅበሩ ገሰገሰች።

ክንፈ ቢሮው የለም፤ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው የድሮው ባላባት ጎተራ ውስጥ ነው፤ አሁን አዳራሽ ተብሏል። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ "መግባት ይቻላል፤ መውጣት ግን ስብሰባው ሲያልቅ ነው" አላት። ገባች። ምን አማራጭ አላት።

መጀመሪያ ስለ ዓለም ሁኔታ ተነገረ። ከዚያ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ተነገረ። ኢምፔሪያሊዝም እነሱ አገር ቦረና ድረስ መጥቶ ምን እንደበደላት ሸዋረግ አልገባትም፤ ደብዳቤዋን መሳቢያ ውስጥ የቀበረው እሱ ካልሆነ በስተቀር። በየመሃሉ መፈክር ይባላል፣ ግራ እጅ ይነሳል፣ ይወርዳል። እሷም ታነሳለች፤ ክንፈ እንዲያያት ብላ ከሰው ሁሉ አስበልጣ ታነሳለች። ክንፈም ያያታል፣ አይቶ ያልፋታል። አንዴ ብድግ ብትል "የግል ጉዳይ በመጨረሻው አጀንዳ ነው፣ በልዩ ልዩ" ብሎ አስቀመጣት። በጣሪያው ሽንቁር የገባው ፀሐይ ከአንዱ ምሰሶ ተነስቶ ሌላው ምሰሶ ጋ ሲደርስ እያየች፣ ቆዳዋ ውስጥ ጉንዳን የገባ ያህል ተቁነጠነጠች።

ይህ ክንፈ እኮ ባዳ አይደለም። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ከወግዲ በኩል አኩፋዳውን አንጠልጥሎ መጥቶ፣ ዳዊት የደገመው መሪጌታ እግር ስር ነው። ተስቦ ይዞት ሰው ሁሉ ሲሸሸው ሦስት ሳምንት አጥሚት ያጠጣችው ሸዋረግ ናት። መሪጌታ ራሳቸው ለይለፉ ያልመጡትም ለዚህ ነው፤ ያስተማሩትን ልጅ ደጅ መጥናት ሞት ሆኖ ታያቸው። ለሸዋረግ ግን ሞቱ የልጇ መቅረት ነው።

ልዩ ልዩ ሲደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል።

"ጓድ ሊቀመንበር" አለች ቆማ። አፏ ጓድ ሲል ምላሷ ኮመጠጠ። "ልጄ ደሴ ለትምህርት ተጠርታለች። ነገ ስድስት ሰዓት ካልደረሰች ይቀርባታል። ለእሷና ለእኔ ይለፍ ስጠን።"

"እትዬ ሸዋረግ፣ መቸኮል ደግ አይደለም" አለ ክንፈ በለሰለሰ ድምፅ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።"

"ያስሮጠኝ ማን ሆነና? ደብዳቤው እጅህ ከገባ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው።"

ክንፈ ጉሮሮውን ጠራረገ። "አበዛሽን እኮ ማኅበሩ ለመሠረተ ትምህርት አስቧታል። እዚህ አሥረኛ ክፍል የደረሰች ሴት እሷ ብቻ ናት። እሷ ከሄደች ጭቁኑን ሕዝብ ማን ያስተምርልን?"

"አንተ አስተምረዋ። ዳዊት የደገምክ ሰው አይደለህ።"

ከኋላ ሰው ሳቀ። ክንፈ ዳዊት መድገሙን ካድሬ በሌለበት እንኳ ማንሳት አይወድም። ይህኔ አያ አድማሴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱና "ጓድ ሊቀመንበር፣ የጭቁን ልጅ ተምራ ጭቁን ብታክም ምን ይላል ፕሮግራሙ?" አሉ። ጉምጉምታው ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ክንፈ ሰዉን በዓይኑ ለካና ፈገግ አለ።

"መልካም። ይጻፋል" አለ።

ለጸሐፊው ሳይሰጥ ራሱ ጻፈ። "የአባትሽ ስም ማን ነበር?" ብሎ ጠየቃት። "ታፈሰ" አለችው። እያንዳንዱን ፊደል እያሳመረ፣ ሳይቸኩል ጻፈ። ከዚያ ክሩን ከአንገቱ መዝዞ ማኅተሙን በትንፋሹ አሞቀና ቁጭ አደረገው። ሸዋረግ ፊደል አልቆጠረችም፤ ማኅተም ግን ታውቃለች። ክቡ ሙሉ ነው፣ ዳሩ አልተሸራረፈም፣ ቀለሙ ደማቅ ነው። በዚያ አገር ሰው ወረቀት ሲሰጠው መጀመሪያም መጨረሻም የሚያየው ማኅተሙን ነው። ጽሑፉን ማን ያየዋል፤ የማኅተሙ ልብስ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ እጅ ነስታ ወጣች። እጅ መንሳቷ በኋላ ከሁሉ በላይ አንገበገባት።

ሮጠች። የአርባ አራት ዓመት ሴት በአደባባይ ስትሮጥ አያምርም፤ ይሁን። ያልደረቀው ማኅተም እንዳይደበዝዝ ወረቀቱን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ይዛ፣ ለነፋሱ ዘርግታ፣ ገደሉን ወርዳ ዳገቱን ወጣች። ያገኛት ሁሉ "ማን ሞተ?" ይላታል። "ማንም" እያለች ታልፋለች። መካነ ሰላም ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ አፏ ደርቋል፣ ልቧ አውቶብሱ ሄዷል ብሎ ቆርጧል።

አውቶብሱ ግን ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል። መንገደኛው ሁሉ ወርዶ፣ ክርስቲያኑ አንገቱን ደፍቶ፣ እስላሙ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። በመሃላቸው መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው መንገዱን እየጸለዩለት ነው። ጸሎቱን ከጀመሩ ግማሽ ሰዓት አልፏቸዋል። ለመንገደኛው ጸልየዋል፣ ለሹፌሩ ዓይን ጸልየዋል፣ ለሹፌሩ እናት ጸልየዋል፤ አሁን ጎማዎቹ ላይ ደርሰው አንድ በአንድ እየባረኩ ነው። የደሴው ሹፌር ጭንቅ ይዞታል፤ በጸሎት መሃል ሞተር አስነስቶ ገደል የሚጋፈጥ ወሎዬ የት ይገኛል። "አባቴ፣ ዱዓው ይደርሰናል፣ ፍሬኑ ይቅርብን" ሲል ሸዋረግን አዩዋት።

"አሜን" አሉ መሪጌታ ወዲያው።

ሸዋረግ ከልጇ ጋር ወጥታ ስትቀመጥ የቀኑ ንዴት ትንሽ በረድ አለላት። ከፊታቸው ጥቁር ሻሽ የጠመጠመች መሬማ የምትባል ሴት ተቀምጣለች፤ ለህክምና ደሴ መሄዷ ነው። ፊቷን መልሳ "አልሐምዱሊላህ፣ ደረሳችሁ። እንደ ባልሽ ያለ የሚጸልይ አይቼ አላውቅም" አለች። ሸዋረግ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታዋለች። አበዛሽ ልታነሳው እጇን ስትሰድ "ተይው፣ ማኅተሙ ይደበዝዛል" ብላ መታ አደረገቻት።

ኬላው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ሁሉም ይወርዳል፣ ይሰለፋል፣ ወረቀቱን ያሳያል። የሚፈትሸው መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ጥበቃ ነው። ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ኖሮ አንዲት ፊደል አይዘልም፤ ጣቱን እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከላይ እስከ ታች ያነባል። ሰልፉ ዘገምተኛ ነው። አበዛሽ በእናቷ ትከሻ ላይ ተንጠራርታ ወረቀቱን አየችው።

"እማዬ" አለች በሹክሹክታ። "እኔ የለሁበትም።"

"ምኑ ላይ?"

"ወረቀቱ ላይ። 'የማኅበራችን አባል ጓድ ሸዋረግ ታፈሰ ለግል ጉዳይ ወደ ደሴ ስለሚሄዱ' ነው የሚለው። ከታች ደግሞ 'ይህ ይለፍ ለአንድ ሰው ብቻ ያገለግላል' ብሎ አስምሮበታል።"

ሸዋረግ ማኅተሙን ደግማ አየችው። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። ለዚህ ነው ራሱ የጻፈው። ለዚህ ነው የአባቷን ስም ብቻ የጠየቃት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዓይኗ እያየ፣ ፊደል አለመቁጠሯን አውቆ፣ ልጇን አስቀርቶ እሷን ደሴ ሊልካት። እሷ ደሴ ምን ታደርጋለች። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የሚባለውን ስትሰማ ኖራለች፤ ጥርሱ እንዲህ እንደሚጠልቅ ግን አታውቅም ነበር። ያጠጣችው አጥሚት ሁሉ ቆጫት። ያን ጊዜ ብተወው ኖሮ ብላ አሰበች፣ ማሰቧንም አልተጸጸተችበትም።

ከፊታቸው አምስት ሰው ቀርቷል።

"ሸዋረግ ነኝ በይው" አለቻት።

አበዛሽ ዓይኗ ፈጠጠ። "ውሸት ነው እኮ፣ እማዬ። አባዬ ቢሰማ…"

"ውሸታሙ ወረቀቱ ነው። አንቺ የወረቀቱን ውሸት ነው የምታቃኚው።"

"አንቺስ?"

"እኔ ቤቴን አውቀዋለሁ።"

"አቀስታ ብቻዬን ላድር ነው?" አለች አበዛሽ።

ሸዋረግ ከፊታቸው የቆመችውን መሬማን በክንዷ ያዘቻት። ሴትዮዋ ሁሉንም ሰምታለች። "እቴ፣ ማንነትሽን አላውቀውም፤ ግን እናት ነሽ መሰለኝ። ይቺ ልጄ አደራሽ" አለቻት።

"የሰባት እናት ነኝ" አለች መሬማ። "ወላሂ ከጎኔ ነው የምትተኛው። ነገ የትምህርት ቤቱን በር አስረግጫት ነው የምለያት።"

ሦስት ሰው ቀረ። ሸዋረግ ልጇን ጉንጯን ሳመቻት፤ ጥበቃው እንዳይጠረጥር ስንብት ሳያስመስል፣ ፈጠን አድርጋ። ስንት ምርቃት አዘጋጅታ ነበር። አንዱም ከአፏ አልወጣም።

"ሸዋረግ ታፈሰ" አለ ጥበቃው አንብቦ።

"እኔ ነኝ" አለች አበዛሽ፣ መሬት መሬት እያየች።

ጥበቃው ወረቀቱን አየ፣ ልጅቷን አየ። ወረቀቱ ጓድ ይላል። ጓድ ደግሞ አሮጊትም ወጣትም ነው፤ አብዮቱ ለሸዋረግ አንድ ነገር ቢያደርግላት ይህን አደረገላት። "እለፊ" አለ። አበዛሽ ወደ አውቶብሱ ሄደች።

"አንቺስ?"

"ወረቀት የለኝም።"

"ሳይኖርሽ ነው ተሳፍረሽ እዚህ ድረስ የመጣሽው?" ጥበቃው ትልቅ መዝገብ ገለጠ። "ከኬላ የተመለሰ ሰው ይመዘገባል። ዝርዝሩ በየሳምንቱ ለየማኅበሩ ሊቀመንበር ይሄዳል። ስም?"

ሸዋረግ እንዳትል ሸዋረግ አልፋለች። ሌላ ስም መቼም ሞልቷል። ግን ክንፈ አበዛሽን ማስቀረት አይደል የፈለገው? ይኸው፣ ቀርታለች፤ መዝገብ ላይ ያንብባት።

"አበዛሽ ንጉሡ" አለች።

"ዕድሜ?"

"አሥራ ሰባት።"

የጥበቃው እርሳስ ቆመ። ከመነጽሩ በላይ አያት፤ ከሻሿ ስር ያፈነገጠውን ሽበት፣ በሩጫው የተሰነጠቀውን ተረከዟን። ያን ጊዜ ገመዱ ወርዶ አውቶብሱ ተንቀሳቀሰ። ከመስኮቱ አበዛሽ ግማሽ ሰውነቷን አውጥታ "እማዬ" አለች፤ አንዴ ብቻ፣ ረዘም አድርጋ። ኬላው ላይ የቆመው ሁሉ ዞረ። ጥበቃውም ዞሮ አውቶብሱን አየ፣ መልሶ ሸዋረግን አየ። ሸዋረግ ጥርሷን ነክሳ፣ ማንም እንዳልጠራት ሆና መዝገቡን አየች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ገመዱ እንደገና ይወጠራል።

"አሥራ ሰባት" አለ ጥበቃው በቀስታ።

"ጻፍ" አለችው። "እናንተ ወረቀት እንጂ ሰው አታምኑም። በል ጻፈውና እመነው።"

አውቶብሱ ዳገቱን ጀመረ። ጥበቃው እሱ እስኪያልፍ ጠበቀና፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጣቱን እያስኬደ ጻፈ። አሥራ ሰባት።

ሸዋረግ ወደ መካነ ሰላም ተመለሰች። ኬላው ከኋላዋ ሲሰወር መንገዱ መሃል ቆመች፤ በወዲያ በኩል አውቶብሱ የሄደበት ዳገት ላይ አቧራው ገና አልተቀመጠም።

"ወዬ" አለች። "ወዬ፣ ልጄ።"

ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና መሪጌታን ወደተለየችበት መንገዷን ቀጠለች። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ ዝም ትላለች። ከስድስት ሰዓት በኋላ ግን ክንፈ ጆሮ ካለው ያዘጋጅ።